ለእትዬ ዘይነባ የሚተከል ዛፍ

“የአባቴን የገብስ ማሳ ለማገዶ?” ብለው ጮኹብኝ ዛሬ ጋሽ ይመር፣ ወደ ከላላ በሚወስደው መንገድ ዳር ማሳቸው መሃል ቆመው።

ጣጣውን ያመጣው ካርታዬ ነው። የተዳፋቱን፣ የአፈሩንና የዝናቡን መረጃ ኮምፒውተር ላይ ደራርቤ ለማገዶ ዛፍ የሚስማማ መሬት ስፈልግ የሳቸው ማሳ ‘ተስማሚ’ በሚለው አረንጓዴ ቀለም ወጣ።

“አፈሩን ጎርፍ እየወሰደብዎት ነው። ካልፈለጉ ግን ማንም አያስገድድዎትም” አልኳቸው። አላመኑኝም። (በእኛ አገር ካርታ ይዞ የመጣ ሰው መቼ ይታመናል?)

ይህን ስንባባል ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ ከሩቁ ገደል ሥር የለቀሙትን እንጨት ተሸክመው ብቅ አሉ። ጋሽ ይመር ክርክሩን ትተው ሮጡ። ሸክሙን አወረዱላቸው፤ ላባቸውንም በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉላቸው።

“ምንድን ነው ጩኸቱ?” አሉ እትዬ።

“ይሄ ልጅ እዚህ የማገዶ ዛፍ ትከሉ ይለናል።”

“አልሃምዱሊላህ! እንጨት ከደጄ ልለቅም?”

ጋሽ ይመር የሚስታቸውን ፊት ትንሽ አዩና ወደ እኔ ዞሩ።

“በል፣ የማሳውን ላይኛ ገደላማ ግማሽ ለዛፉ መዝግብ። ለገብሱ ታችኛው ይበቃናል። የዘይነባ ነው በልልኝ።”

እትዬ ዘይነባ ሳቃቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ።

እናንተስ? አባታችሁ ለእናታችሁ ሲሉ እንቢታቸውን የተዉበትን ቀን እስቲ አጫውቱኝ።