ከበቅሎ ሳልወርድ

እኔ ንዴት ውጬ መኖር አልችልበትም። እናቴ ከእግሯ የጎደለው ምላሷ ላይ ተጨመረላት ትለኝ ነበር፤ እውነቷን ነው። ግራ እግሬን ፖሊዮ በልጅነቴ አልፈስፍሶታል። መካነ ሰላም መዝገብ ቤት ሠራተኛ ሆኜ ስቀጠር አባቴ ከላላ ወረዳ ገጠር ያለችውን አንዲት በቅሎውን ሰጠኝና፣ “ይቺ እግርሽ ናት፤ እግርሽን አደራ” አለኝ።

ባጃጅ አለ አይደል ወይ የሚለኝ ሰው አይጠፋም። አዎ፣ በበጋ አለ። ክረምት ሲገባ ግን ቤት የተከራየሁበት ሰፈር ድረስ የሚወርድ ባጃጅ የለም፤ ጭቃው ጎማ ይውጣል። ክራንቼንም ይውጠዋል። አንድ ጠዋት መንገድ ላይ ተዘርሬ ሰው እስኪመጣ ድረስ ዝናብ ወርዶብኛል። ቢሮ ስደርስ አለቃዬ ሰዓቱን አየና፣ “በዚህ ከቀጠለ ሥራው ይቅርብሽ” አለኝ። እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው፤ በቅሎዬ አጠገቤ ካላደረች እንጀራዬ አለቀ።

አከራዬ ነጋዴ ነው። ግቢው ሰፊ ነው፤ ከጓሮ ለሙክት የሠራው በረት ባዶውን ቆሟል። ቆርቆሮው እንኳ አያፈስም! ያንን በረት ለበቅሎዬ ፍቀዱልኝ ብዬ በአክብሮት ጠየቅሁ፤ ጽዳቱ በእኔ፣ ገለባው በእኔ። “ኢንሻአላህ እናያለን” አለኝ። በሳምንቱ ጠየቅሁ፤ “ዝናቡ ቀነስ ይበልና” አለኝ። እኔ እኮ የፈለግኋት ለዝናቡ ነው! ደግሜ ብጠይቀው ስለ ስኳር መወደድ ያወራልኝ ጀመር። በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች የተባለው ለእሱ ነው።

ሌላ ቤት ፈልጊ ትሉኝ ይሆናል። ፈልጌያለሁ። አንዷ “ቤት እንጂ ጋጣ አላከራይም” ብላ በሩን ፊቴ ላይ ዘጋችው። ሌላው “አንቺን ደስ ይለናል፣ እሷን ግን...” አለና ሳይጨርሰው ገባ። ጅብ በሚዞርበት ከተማ በቅሎ ደጅ አታድርም፤ ስለዚህ ከከተማው ዳር ያለች አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ዘንድ አሳድራት ነበር። ማታ የሴትየዋ ልጅ መጥቶ ይወስዳታል፤ ጠዋት ግን እሱ ትምህርት ቤት ስላለው፣ እግሬ ጋ ለመድረስ ግማሽ ከተማ በእግሬ እሄዳለሁ ማለት ነው። ስቄም አልቅሼም አውቃለሁ።

በዚያ ግቢ ውስጥ የምወዳቸው የአከራዬን እናት ብቻ ነበር። ጉልበታቸው አብጦ ከበር ላይ ፀሐይ እየሞቁ ይውላሉ። ማታ በቅሎዋ እስከ በር ስታደርሰኝ የቂጣ ፍርፋሪ ያጎርሷታል፤ “ወይ መታደል! እንዲህ ቁጭ ብሎ መሄድ” ይሉኛል። ልጃቸው ይሰማል። ሰምቶ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ።

በመጨረሻ እንደ አገራችን ወግ ሽማግሌ ላክሁበት፤ አንድ ሼህና አንድ ቄስ፣ ሁለቱም እሱ አክብሮ የሚነሣላቸው። ሲመለሱ ሼሁ ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው፣ “ልጄ፣ ሰውየው በበረቱ አይደለም የተቀየመው። መንገድ ላይ ስታገኚው ከበቅሎ ሳትወርጂ ነው ሰላም የምትይው አሉ” አሉኝ።

ደሜ ፈላ። ታላቅ ሲያገኙ ከበቅሎ መውረድ እንደሚገባ አባቴ አስተምሮኛል፤ ባለጌ አይደለሁም። ግን ወርጄስ? እኔ የምወጣው ድንጋይ ላይ ቆሜ ነው። መንገድ መሐል ብወርድ ሁለት ሰው ብብቴን ይዞ ካላነሣኝ እዚያው መቅረቴ ነው። ለዚህ ነው እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ከኮርቻው ጎንበስ የምለው። ይህን ሰውዬ በወር ሁለት ሦስቴ ጎንበስ ብዬለታለሁ! ታዲያ ስንቴ እግሬን አይቷል? አንድ ቀን እንኳ ምን ሆና ነው አይልም?

ሽማግሌዎቹ አስረዱት። “ለእናንተ ስል እሺ” አለ፤ ዱዓ ተደረገ፣ ተመራረቅን። በቅሎዬ በረቱ ገባች። ሁለት ሳምንት እንደ ሰው ኖርኩ። ከክፍሌ ደጅ ወጥቼ ከድንጋዩ ላይ እርካቤን እረግጣለሁ፤ ቢሮ ከሁሉም ቀድሜ እገባለሁ። አለቃዬም ሰዓቱን ማየት ተወ።

ከዚያ አንድ ቀን መጥቶ በሬን አንኳኳና፣ “ቤቱን ላድሰው ነው፤ ለወሩ መጨረሻ ልቀቂልኝ” አለኝ። ለሽማግሌ የተሰጠ እሺ አይታጠፍማ! አይታጠፍም፤ ስለዚህ በሌላ በር ዞሮ መጣ። ለሼሁና ለቄሱ ደግሞ “ቢሮዋ አጠገብ የተሻለ ቤት አግኝታ ነው” አላቸው። እነሱም ደስ ብሏቸው መረቁኝ። ምን ልበል? ዕቃዬን በጋሪ አስጭኜ ከከተማው ዳር ያችው ሴት ቤት ገባሁ። የእኔ ክፍል ከበቅሎዬ ጋጣ ጋር ግድግዳ ይጋራል፤ ቢሮዬ ሩቅ ነው፤ ውኃም የለም። ግን ገባሁ።

ክረምቱ ወጣ። አንድ የገበያ ቀን በአሮጌው ሰፈሬ በበቅሎዬ ሳልፍ አከራዬን አገኘሁት። ቤቱ አልታደሰም፤ ክፍሌን የመሥሪያ ቤት ሰው ተከራይቶት መጋረጃዬ በነበረበት መጋረጃ ሰቅሏል። እሱ ግን ዳለቻ በቅሎ እየሳበ ነው የመጣው። በቅሎዋ ላይ እናቱ ተቀምጠዋል።

“አየሻት?” አለኝ ፈገግ ብሎ። “ለእናቴ ነው የገዛኋት። እግር ለከዳው ሰው በቅሎ ግድ ነው እኮ!”

ለእኔ ነው እንዲህ የሚለኝ። ለእኔ!

“የት ታድራለች?” አልኩት።

“ከጓሮ በረት አለ አይደል።”

እናቱ ከላይ ሆነው አዩኝና፣ “አንቺ ልጅ፣ የተሻለ ቤት አገኘች አለኝ። ሳትሰናበችኝ መሄድሽ ቅር ብሎኝ ነበር” አሉ።

እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን “ደህና ነዎት?” ብሎ ያልፍ ይሆናል። እኔ አላለፍኩም። “አባሮኝ ነው እኮ እማማ! በዚህችው በቅሎዬ ምክንያት፣ ከዚያው በረት አባሮኝ ነው!” አልኩ። ገበያተኛው ዞሮ አየን። ጮኼ ነበር መሰለኝ።

አሮጊቷ ልጃቸውን ብዙ አላዩትም። “አውርደኝ” አሉት።

“እማ፣ መንገድ ላይ እኮ ነን። ማን መልሶ ያወጣሻል?”

“አውርደኝ ብዬሃለሁ!”

ብብታቸውን ይዞ አወረዳቸው። በዚያ ባበጠ ጉልበታቸው፣ የበቅሎዬን አንገት ተደግፈው እስከ እርካቤ መጡ፤ የማይታዘዘኝን ግራ እግሬን በሁለት እጃቸው ያዙና፣ “አፉ በይኝ ልጄ፣ ይቅር በይኝ” አሉኝ። በእናቴ ዕድሜ ያሉ ሴት ከበቅሎ ወርደው ከሥሬ ቆመዋል፤ እኔ ከላይ ነኝ። መውረድ ፈለግሁ። ኮርቻውን ይዤ ተንፈራገጥሁ፤ አልቻልኩም።

እሱ ልጓሙን እንደያዘ ቆሞ ያይ ነበር። እስቲ ይየው!