ቅቤ የጠጣ ገበታ

ጎረቤቴ ኢያቄም ከእስክሪብቶ በቀር እጁ የያዘው ነገር አልነበረም። ካዛንቺስ በአንድ የቀበሌ ግቢ ስንኖር አምፖል ሲቃጠልበት እንኳ የምቀይርለት እኔ ነበርኩ። እንግዲህ ይህ ሰው ነው በ2002 ዓ.ም. ጡረታ በወጣ ማግስት ገበታ ካልሠራሁ ብሎ የተነሳው።

«የምን ገበታ?» አልኩት።

«እንጀራ የሚቀርብበት ነዋ፣ እንደ ድሮው ከእንጨት። እትዬ ትበላበታለች።»

እትዬ ሲል ነገሩ ገባኝ።

እትዬ አየለች ታላቅ እህቱ ናቸው። እናታቸው ስትሞት ኢያቄም ገና ተማሪ ነበር። እትዬ አየለች ለገሃር ጉልት ተቀምጠው፣ ሽንኩርትና ድንች ሸጠው አስተማሩት፤ ትዳርም በሱ የተነሳ አለፋቸው። በ1987 ዓ.ም. የክፍል ኃላፊ ሆኖ ሲሾም የቢሮ ባልደረቦቹን ምሳ ጠራ። ከንጋት ጀምረው ወጡን ሲያቁላሉ ያረፈዱት እትዬ አየለች ነበሩ። ምግቡ ቀርቦ፣ እጃቸውን ታጥበው ሊቀመጡ ሲሉ ኢያቄም ጠጋ አለና «እትዬ፣ ቦታው ጠበበ፤ አንቺ እዚያው ጓዳ ቅመሽ» አላቸው። ቦታው አልጠበበም። አንዱ ወንበር ላይ የእንግዶች ኮት ነበር የተከመረው። ነጠላቸው ሽንኩርት ሽንኩርት ስለሸተተ አፍሮባቸው ነው። ጎረቤቴ ነው ብዬ አላድበሰብስለትም።

እትዬ አየለች አልተጣሉትም። ለበዓል ይመጣሉ፣ ሲታመም ይጠይቁታል። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ከቤቱ እህል ቀምሰው አያውቁም። «በልቼ ነው የመጣሁት» ይላሉ፣ በቃ። ኢያቄም ጡረታ ወጥቶ ብቻውን መብላት ሲጀምር ይሄ ነገር ያንገበግበው ጀመር። «አንድ ቀን አጠገቤ ተቀምጣ ብትበላልኝ ሌላ አልፈልግም» ይለኛል።

«ታዲያ ይቅር በዪኝ አትላቸውም?»

«በባዶ እጅ?»

አይ ኢያቄም! ሁለት ቃል ከብዶት ጣውላ ተሸከመ።

የመጀመሪያውን ጣውላ እርጥቡን ገዝቶ፣ ላቡ ጠብ እስኪል ልጎ ጨረሰው። ሳይውል ሳያድር ተጣሞ ቁጭ አለ። ቡልጋሪያ ሰፈር የእንጨት ሥራ ቤት ያለው ረጋሳ አይቶት ሳቀ። «ጋሼ፣ ማለቴ፣ እንጨት ሳይደርቅ አይነካም እኮ» ብሎ የከረመ ዋንዛ ሸጠለት። እኔ ደግሞ ለነገር ግን «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» ነው የሚባለው ብዬ ኢያቄምን ወጋ አደረግሁት። የሱ ነገር ከደረቀ አሥራ አምስት ዓመት ሆኖታል።

በሁለተኛው ጣውላ መጋዙ መስመር ሳተበትና አንዱ ጎን ከሌላው ሰፋ። ጠርዙን በሞረድ አለዘበው፣ ፊቱን በብርጭቆ ወረቀት ሲያሽ ሰንብቶ ጣቶቹ ተላላጡ። ግቢው ሁሉ የእንጨት ብናኝ ሆነ፤ ያጠብኩትን ልብስ ሁለቴ አጥቤያለሁ። ሆኖም እውነቱን ለመናገር ሲያልቅ ያምር ነበር። ረጋሳ «እንዳይሰነጠቅ የምግብ ዘይት አጠጣው» ብሎት ነበር። ኢያቄም ግን እናቱ አዲስ ገበቴ ሲገዛ ቅቤ ስትቀባው ትዝ አለውና «ለእትዬ የእናታችን ወግ ነው የሚገባት» ብሎ ለጋ ቅቤ ገዛ። ማታ ማታ እያሸ እንጨቱ አልጠጣም እስኪል አጠጣው።

ከዚያ «በእጄ ገበታ ሠርቼልሻለሁ፣ ነይና መርቂልኝ» ብሎ ላከባቸው። በጥቅምት አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ መጡ። ጥብሱ እሳት ላይ ነበር። እትዬ አየለች ሽታውን እንደሰሙ ፈገግ አሉ።

«ጽጌ ነው እኮ፣ ኢያቄም።»

«የጽጌን ጾም ትጾሚያለሽ እንዴ? እሱ እኮ የፈቃድ ነው።»

«እናታችን ከሞተች ወዲህ አንድም ዓመት አላለፈኝ።»

ኢያቄም ጥብሱን ከእሳት አወረደ። በእጃቸው ያደገ ሰው ምን እንደሚጾሙ አያውቅም። እኔ ሮጬ ሄድኩና ለልጆቼ የሠራሁትን ሽሮ አመጣሁ። ገበታው ገና አዲስ ነው፣ ሥጋ አልነካውም፤ ኢያቄም እንጀራውን ዘርግቶ ትኩሱን ሽሮ ገለበጠበት። እትዬ አየለች ታጥበው ተቀመጡ። ከሹመቱ ምሳ ወዲህ እዚያ ጠረጴዛ ሲቀመጡ ያየሁት ያን ቀን ነው። የገበታውን ጠርዝ በጣታቸው ዳበስ አደረጉ።

«እውነት አንተ ነህ የሠራኸው?»

«እኔ ነኝ። አንዱ ጎን ሰፍቶብኛል።»

«ሰፊው ጎን ወዳንተ ይሁን፣ አንተ በላተኛ ነህ» ብለው ሳቁ። እሱም ሳቀ። ቆርሰው ወደ አፋቸው ሲያስጠጉ ግን እጃቸው ቆመ። ሽሮው እንጨቱን አሙቆት የቅቤው ሽታ ቤቱን ሞልቶታል።

«ምን ቀብተኸዋል?»

«ቅቤ» አለ ኢያቄም። ካፉ ከወጣ በኋላ ነው የገባው።

እትዬ አየለች የቆረሱትን መልሰው አስቀመጡ። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ቢቆጡ ይሻል ነበር።

«ሌላ ሰሃን ላምጣልሽ፣ እትዬ፣ ተቀመጪ።»

«ተወው፣ አትድከም። እኔ ጓዳውን ለምጄዋለሁ።»

ተከትያቸው ገባሁ። ድስቱ ውስጥ የተረፈውን ሽሮ በሰሃን አድርጌ ዱካ ላይ ተቀመጥን። በላ በላ አደረጉ፤ ለኔ ክብር ይመስለኛል። ከዚያ ትልቅ ጉርሻ ጠቀለሉና ይዘውት ወደ በሩ ማየት ጀመሩ። ሳሎንና ጓዳውን የሚለየው አንድ መጋረጃ ነው። ኢያቄም ያቺን መጋረጃ ገለጥ አድርጎ ቢገባ፣ ይቅር በዪኝ እንኳ ባይል ለጉርሻው አፉን ቢከፍት ይበቃ ነበር።

ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማን፤ ተነሳ። እትዬ አየለች ጉርሻውን ከፍ አደረጉ። ኮቴው ግን ወደ ውጭ ወጣ። ትንሽ ቆይቶ የግቢው ቧንቧ ተከፈተ፤ ገበታውን በኦሞ ሲፈትግ ይሰማናል።

እትዬ አየለች ጥቂት አዳመጡና ጉርሻውን ራሳቸው ጎረሱት።