ሐይቁ ጎመናችን ድረስ የመጣበት ዓመት

ከዝናብ በኋላ የረጠበ ደንገል ሽታ በነፋስ ሲመጣ፣ ዛሬም ቡሹሎ፣ እትዬ ዱካሌ ማሳ ዳር የቆምኩ ይመስለኛል። እትዬ ዱካሌ የእናቴ ታላቅ እህት ነበረች፤ በደርግ ጊዜ፣ ከተማችን ገና አዋሳ እየተባለች፣ ከሐይቁ ብዙም ሳትርቅ ጥቅል ጎመን እያመረተች ልጆቿን ታሳድግ ነበር።

ክረምት ሲገባና ትምህርት ቤት ሲዘጋ እኛ ልጆች እሷ ዘንድ እንሄድና፣ ውኃው ጫፍ ላይ የተከለችውን እንጨት ጠዋት ጠዋት እየሮጥን እናይላት ነበር። ሐይቁ ከጎደለ ለአትክልቱ የምትቀዳው ውኃ ይርቅባታል፣ ከሞላ ደግሞ ማሳዋን ይወስድባታል።

አንድ ዓመት ዝናቡ አላባራ አለና፣ መስከረም ሲጠባ እንጨቱ ከነጭራሹ ጠፋ፤ ጎመኑ ለገበያ በደረሰበት ሰሞን ውኃው መደቡ ውስጥ ገባ። እናቴ እያለቀሰች ለአባቴ ነገረችው። አባቴ ከጎጃም በመንግሥት ሥራ ተዛውሮ የመጣ፣ ሐይቅ ዳር ስንንሸራሸር እንኳ ጫማው እንዳይርስ የሚጠነቀቅ ሰው ነበር። እሑድ ግን ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጋሪ ተከራይቶ፣ ጎረቤቱን ሰብስቦ ቡሹሎ ወሰደንና፣ የካኪ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ውኃው ውስጥ ገባ።

«ኧረ ይተዉ አቶ ታምሩ፣ ያዳልጥዎታል!» አለች እትዬ ዱካሌ።

«እኔ ከጎመንዎ አልበልጥም፣ እትዬ» አለ አባቴ፤ ብሎ ሳይጨርስ እግሩ ከዳውና፣ አንድ ትልቅ ጎመን እንዳቀፈ ውኃው ውስጥ ዘፍ አለ። ሲያለቅሱ የሰነበቱት እህትማማቾች ተደጋግፈው እስኪያነቡ ሳቁ።

ተሰልፈን፣ ጎመኑን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበልን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ማሳውን ባዶ አደረግነው። ደህና ደህናው ገበያ ወጣ፤ የቀረውን ሰፈራችን ሳምንቱን ሙሉ ጎመን በጎመን ሆኖ ጨረሰው።

በጋ ሲመጣ ውኃው ሸሸ፣ በቦታውም ጥቁር ለም አፈር ተወላት። አባቴ እሑድ እሑድ እየሄደ አብሯት ይተክል ጀመር፤ ጭቃ ያረፈበት ጫማውንም በኩራት በረንዳው ላይ ያሰጣው ነበር።

አሁን ሐይቅ ዳር ሆቴሎች ተደርድረዋል። ውኃው ሲሞላ ልጆቼ «እንዴት ያምራል!» እያሉ ፎቶ ያነሱታል፤ እውነታቸውን ነው፣ ያምራል። እኔ ግን አጠገባቸው ቆሜ፣ ዘንድሮ ከዳር የተከለ ሰው ይኖር ይሆን ብዬ አስባለሁ።