ባልቻ ያሳደገው ቫልቭ

ባልቻና እኔ ዲላ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን ፊደል ቆጥረናል። ያን ጊዜ መጽሐፍ ለሦስት ተማሪ አንድ ነበር፤ ገጹን የሚገልጠው እሱ ነው፤ ያውም ጣቱን ሸሚዙ ላይ ጠርጎ። ከትምህርት ቤት ስንወጣ እኔ አስተማሪ ሆንሁ፣ እሱ ወርቃ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ገባ። እዚያ እሸት ቡናው ከመድረሱ በፊት መፈልፈያውን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ ማብራት ደንብ ነበር። ያላበራ ሠራተኛ ለከርሞ አይጠራም።

ኋላ የምሥራቁ በረሃ ወሰደው። እዚያ ተቆፍሮ ጋዝ የተገኘበት፣ ግን የተዘጋ ጉድጓድ አለ። አፉ ላይ ሰው የሚያህል የብረት ግንድ ቆሟል፤ ግንዱ ላይ ጋዙን የሚዘጉና የሚከፍቱ፣ መዘውር ያላቸው ቫልቮች ተደርድረዋል። የባልቻ ሥራ እነሱን መንከባከብ ነው። በየወሩ ግራሶ ይሰጣቸዋል፤ ጋዝ አፈትልኮ እንደሆነ ለማየት መገጣጠሚያውን የሳሙና አረፋ ይቀባል፤ ዝገት ይፍቃል። መዘውሩ እንዳይደርቅ ጥቂት ያላውሰዋል እንጂ ጋዙ ሲወጣ አንድ ቀንም አላየም። እንዲህ ሆኖ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አለፈ።

ለዕረፍት ዲላ ሲመጣ ወሬው አንድ ነው።

«ጉድጓዱ የተከፈተ ዕለት መዘውሩን የማዞረው እኔ ነኝ። አለቃዬ ቃል ገብቶልኛል።»

ባለቤቱ ዘነቡ ትስቃለች። «የሳሮን አባት፣ ልጅህን በዳርክ ጊዜ እንኳ እንዲህ አልጓጓህም!»

«ሳሮን እናት አላት። ይኼን ብቻዬን ነው ያሳደግሁት።»

ባለፈው ዓመት ዕረፍቱን ሳይጨርስ ተደወለለት፤ ጉድጓዱ ተከፍቶ ሊሞከር ነው። አዲስ ቱታ ገዝቶ በማግስቱ ተሳፈረ።

ሲደርስ የበሩ ጠባቂ ሱፍያን ከሩቅ ጮኸ፤ «ሙሽራው መጣ! ቶሎ በል፣ ለሌላ ሊድሩብህ ነው!»

ውስጥ አንድ ወጣት መሐንዲስ ቫልቮቹን ይመረምራል። ዋናው ቫልቭ ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ የብረት ሰሌዳ በጣቱ ደጋግሞ ዳበሰ።

«ጋሼ፣ ቁጥሩ የታለ?»

«የምን ቁጥር?»

«ስንት ግፊት እንደሚችል። ቫልቩን የሠራው ፋብሪካ እዚህ ላይ ቀርጾት ነበር።»

ባልቻ ሰሌዳዋን አየ። ልሙጥ ናት፤ ታበራለች።

«በየዓመቱ እፈገፍጋታለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «በብርጭቆ ወረቀት።»

መሐንዲሱ ጣቱን ከሰሌዳዋ አነሣ። «ቁጥሩ የተጻፈበት መዝገብስ?»

«ጉድጓዱን የቆፈረው ድርጅት ሲወጣ ይዞት ሄደ። ግን አዙረው እስቲ! በአንድ ጣት ይዞራል!»

«አዙሬዋለሁ ጋሼ፣ ይዞራል። ስንት እንደሚችል ሳላውቅ ግን ጋዝ አልለቅበትም። እዚህ ሰው ይሠራል።»

በሳምንቱ ዋናው ቫልቭ ተነቅሎ አዲስ ተገጠመ። አዲሱ መዘውር የለውም፤ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ቁልፍ በመጫን ነው የሚከፍቱት። ባልቻም ከሥራ ተሰናበተ።

ዲላ በተመለሰ በሦስተኛው ቀን ልጠይቀው ሄድሁ። ዘነቡ ቡና ታፈላለች፤ አዲሱ ቱታ ከነእጥፋቱ ወንበር ላይ ተቀምጧል።

«ቁጥሩን እኔው ነኝ የፋቅሁት» አለኝ። «ማንም አልነካውም። እኔው ነኝ።»

«ለመሆኑ ሲከፈት አየኸው?» አልሁት።

«አላየሁም። የተከፈተው ከሰዓት በኋላ ነው፤ እኔን የሚያመጣው መኪና ጠዋት ይነሣ ነበር።»

«ምነው፣ አንድ ቀን ብታድር?»

«የመግቢያ መታወቂያዬን ተቀብለውኛል። ከፈለግህ ከአጥሩ ውጭ ቆመህ እይ አሉኝ።» ወደ ዘነቡ ዞር አለ፣ ተመልሶ እኔን አየኝ። «ምኑ ነኝ ብዬ ልቁም?»