ለጡረታ የተከመረ ድንጋይ

ሀዋሳ፣ ታቦር ሰፈር ባለው ቤታችን ጓሮ አንድ ክምር ድንጋይ ነበር። ለመሠረት ብዬ የገዛሁት ነው። ሐሳቤ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ቤት ሠርቼ፣ ጡረታ ስወጣ እያከራየሁ መኖር ነበር። መንግሥት የሚያስብልኝ አበል እንኳን ቤት ሊያኖር ወር አጋማሽም አያደርስም። ድንጋዩ ግን ሣር በቀለበት። የጎረቤት ዶሮ መጥታ እንቁላል ትጥልበት ጀመር። ባለቤቴ እንቁላሉን ለጎረቤት ልትመልስ ስትወጣ፣ «ጡረታህ ዛሬም ጥሏል» ትለኝ ነበር።

እኔ ግን አልስቅም። ልጆቼ ራቅ ብለው ነው የሚኖሩት። አንድ ቀን ደውዬ ብር ላኩልኝ እንዳልላቸው እፈራለሁ። ይህን ፍርሃቴን ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

ቤቱ ያልተሠራው በዕቁባችን ምክንያት ነው። በየወሩ አንድ እሁድ ከሰዓት መሃል ከተማ፣ ከአንድ ጨርቅ መደብር ጀርባ እንሰበሰባለን። ነጋዴም የቢሮ ሠራተኛም፣ ክርስቲያንም ሙስሊምም አለበት። የዕቁቡ ዳኛ የመደብሩ ባለቤት ናቸው፤ ፂማቸውን መዳበስ ሲጀምሩ ሁላችንም ዝም የምንልላቸው ሽማግሌ። ደንባችን ደግ ነው፤ እኔን የጎዳኝም ደግነቱ ነው። ዕጣ ከወጣ በኋላ፣ ብሩ ከመሰጠቱ በፊት ዳኛው ዙሪያውን ቃኝተው «ችግር የያዘው አለ?» ብለው ይጠይቃሉ። የቸገረው ተነስቶ ይናገራል፤ ባለዕጣው ከፈቀደ ተራውን ይለቅለታል። ያ ሁሉ ሰው ዐይን ዐይንህን እያየህ «አልፈቅድም» የምትልበት ፊት ከየት ይመጣል?

ዕጣው ለኔ የወጣ ቀን ሀዋሳ በሙሉ ይቸግራታል። አንዴ የቤት ዕቃ የምትሸጠው ሴት ልጇን ልትድር ሆነ። ሌላ ጊዜ የባለባጃጁ ሞተር ነክሶ ቆመ። ከዚያ የቢሮ ባልደረባዬ ለፍቼ፣ ለሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ከገጠር ዘመድ ይመጣብኛል ብሎ ተነሳ፤ ፍቼ በየዓመቱ እንደሚመጣ እያወቀ። እየለቀቅሁ መጨረሻ ላይ ተራዬ ሲደርስ የሲሚንቶው ዋጋ አይቀመስም፤ ብሩ ለድንጋይ ብቻ በቃ። ያ የተከመረው ድንጋይ የአንድ ሙሉ ዙር ዕቁቤ ነው።

በሠርጉ ጊዜ አንድ ሙከራ አድርጌ ነበር።

«እኔም ችግር አለብኝ» አልኩ ጉሮሮዬን ጠርጌ። «ጡረታ ልወጣ ነው።»

«መቼ?» አሉ ዳኛው።

«ከጥቂት ዓመታት በኋላ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ዳኛው ግን አልሳቁም፤ እንደ ሕፃን አባበሉኝ። «ልጄ፣ ጡረታ እኮ ችግር አይደለም፤ ገና ነው። ሠርጉ ቅዳሜ ነው።»

አዲሱ ዙር ሲጀመር ባለቤቴ «ዛሬ አብሬህ እመጣለሁ» አለችኝ። የነጋዴ ልጅ ናት፤ ሱቅ ውስጥ ነው ያደገችው። ዕቁቡን የምንጥለው በሁለታችን ስም ስለሆነ ማንም አልከለከላትም። ነጠላዋን አጣፍታ ከኋላ ተቀመጠች። ዕጣው ለአንድ ፋርማሲ ላለው ሰው ወጣ። ዳኛው እንደ ልማዳቸው ችግር የያዘው ካለ ሲጠይቁ ተነሳች።

«ጋሼ፣ ቤቴ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ሊቀመጥብኝ ነው» አለች አንገቷን ደፍታ።

«ዘመድሽ ናቸው?»

«በባሌ በኩል ነው።»

ዐይን ሁሉ ወደኔ ዞረ። እኔ ሽማግሌ እንደሚመጣብን የሰማሁት ነገር የለም። በሕይወት ያሉ አጎቶቼን በልቤ እያሰብኩ፣ የትኛው ይሆን አልኩ።

«ሥራም ደመወዝም አይኖረውም» ብላ ቀጠለች። «ልጆቹ አጠገቡ አይደሉም። ቀኑን ሙሉ ቤት ሊውል ነው። ወጡ ቀጠነ፣ በሩ ጮኸ እያለ መነጫነጭ ይወዳል። ሬዲዮ ደረቱ ላይ ከፍቶ ይተኛል፤ ሲዘጉበት ደግሞ ‹እየሰማሁ ነው› ይላል።»

ሬዲዮው ላይ ስትደርስ ገባኝ። ፊቴ ጋለ፤ ደግነቱ ሰዉ ያፈርኩት በዘመዴ መሰለው።

«እንዲህ ያለውማ ከባድ ነው» አለች ልጇን በኔ ዕጣ የዳረችው ሴት፣ ከንፈሯን እየመጠጠች።

«ምን ይደረግ፣ ሰው አይጣል» አለች ባለቤቴ። «ጓሮ ሁለት ክፍል ሠርቼ፣ በኪራዩ ልጦረው ነው ያሰብኩት።»

ዳኛው ፂማቸውን ዳበሱና ወደ ባለዕጣው ተመለከቱ። እሱም ፈቀደ፤ ምን ምርጫ አለው?

ባጃጅ ውስጥ እስከ ታቦር ድረስ ተኮሳትሬ ሄድኩ። ልንደርስ ስንል አልቻልኩም።

«እኔ እነጫነጫለሁ?»

«ይኸው» አለችኝ።

የተናገረችውን ደግሜ ደጋግሜ ሳስበው አንዲት ውሸት አጣሁበት። ድንጋዩ ከመሠረት ገባ፤ ዶሮዋም ሌላ ቦታ ፈለገች። ክፍሎቹ ቆርቆሮ የለበሱ ዕለት በረንዳ ላይ አግዳሚ ወንበር አውጥቼ ጋደም ብዬ ሳያቸው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ጡረታን ሳልፈራው ዋልኩ። በዚያው እንቅልፍ ወሰደኝ።

ዳኛው ከሁለት ዕቁብተኞች ጋር ሙዝና ብርቱካን ይዘው የመጡት ያን ጊዜ ነው። እንግዳ ገባ ከተባለ መጠየቅ አለበት፤ ያውም አቅመ ደካማ። በሩን የከፈተችው ባለቤቴ ናት።

«ሽማግሌው መጡ ወይ? ልንጠይቃቸው ብለን ነው» አሏት።

ወደ በረንዳው መራቻቸውና ደረቴ ላይ የሚያወራውን ሬዲዮ ጎንበስ ብላ ዘጋችው።

«እየሰማሁ ነው» አልኩ።

ዐይኔን ስገልጥ ሦስት ሰዎች ከበላዬ ቆመዋል። ዳኛው እኔን አዩ፣ ሬዲዮውን አዩ፣ ፂማቸውን ረጅም ጊዜ ዳበሱ። ከዚያ ሙዙን ሆዴ ላይ አኖሩና ወደ ባለቤቴ ዞሩ።

«ይቅር በይኝ ልጄ» አሏት፤ «ለካ ጡረታ ችግር ነው።»