ለበረሮ የተጨበጠ በሶ

እዚህ ናይሮቢ፣ ካሳራኒ ሰፈር ውስጥ የማይሸነፍ ፍጡር ካለ በረሮ ነው። እኛ ስንረጭ ጎረቤት ይሄዳል፣ ጎረቤት ሲረጭ ደግሞ ቤተሰቡን አስከትሎ ይመለሳል። ባለቤቴ ይህን ጦርነት ከስልኩ በተማረው ዘዴ ሊያሸንፍ ተነሣና አንድ ቀን ከአግሮቬት፣ ከእርሻና ከከብት መድኃኒት ሱቅ ነጭ ዱቄት ገዝቶ መጣ። ቦሪክ አሲድ ነው አለኝ።

"ለልጃችን አያሰጋም?" አልኩት።

"ምን ያሰጋል? ኬሚካል እኮ አይደለም። ቦሮን የሚባል ማዕድን ነው፣ እንደ አሞሌ ጨው ከመሬት ተቆፍሮ የሚወጣ።"

ለእሱ ከመሬት የወጣ ነገር ሁሉ ደግ ነው። ስልኩ ከዱቄትና ከስኳር ጋር አሽታችሁ አድቦልቡሉት ብሎታል። የስንዴ ዱቄት አልቆ ስለነበር እናቱ ከአዲስ አበባ ያመጡትን በሶ አወረደ። አሽቶ ሦስት ጭብጦ ጨበጠና እስኪደርቅ ብሎ በሰሃን ፍሪጁ ላይ አስቀመጠው። ለእኔም ለማንም ሳይናገር ወደ ሥራው ሄደ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የእኔ ባል ግን አፍስሶ መልቀሙን ለእኛ ተወልን።

እናቱ ከመጡ ገና ወር አልሞላቸውም ነበር። በዚያ ሳምንት ጾም ጸሎት ይዘዋል፤ የልጃቸው የስደተኝነት ጉዳይ እንዲፈታ ነው። ቀኑን ሙሉ ውሃ እንኳ አይቀምሱም፣ ማታ ከጸሎት ቤት ሲመለሱ ብቻ ነው የሚበሉት። ባለቤቴ እሁድ ጉባኤው ፊት ቆሞ፣ "እናቴ በዚህ ዕድሜዋ ስለ እኔ እየጾመች ነው" ብሎ መስክሮ፣ ሰው ሁሉ እልል ብሎላቸዋል።

ከሰዓት በኋላ ጣሪያ ላይ ልብስ አስጥቼ ስወርድ ሰሃኑ ጠረጴዛ ላይ ነው። አንድ ጭብጦ ብቻ ቀርቷል። የሦስት ዓመቷ ልጄ ወንበር ላይ ቆማለች፣ አፏ ዙሪያ ፍርፋሪ አለ። ነገሩ ሸተተኝና ለባለቤቴ ደወልኩለት። "ለበረሮው ነው እኮ" ሲለኝ ልጄን ከወንበሩ አወረድኳት።

"እማማ፣ ይህን ማን ነው የነካው? መርዝ አለበት" አልኳቸው አጠገቧ የተቀመጡትን አማቴን።

ፊታቸው አመድ መሰለ። "እኔ ጾም ላይ ነኝ ልጄ" አሉ። "ልጅቷ ሳትሆን አትቀርም።"

"በልተሻል?" አልኳት ልጄን።

"ንዲዮ" አለች።

"አልበላሽማ?"

"ንዲዮ።" መዋለ ሕፃናት የተማረችው ስዋሂሊ ይኸው ነው፣ ለሁሉም ነገር አዎ።

ወደ ክሊኒክ ስንበር ታክሲ ውስጥ ሆኜ ስልኬን ከፈትኩ። ቦሪክ አሲድ ምንድን ነው ብዬ ብጠይቀው መዓት አመጣብኝ። ትልቁ ክምችት ያለው ቱርክ ነው ይላል። አሜሪካ በረሃ ውስጥም ይቆፈራል። እሳተ ገሞራ ባለበት አገር ፍል ውሃው ወደ ሐይቅ ይገባል፣ ሐይቁ ሲደርቅ ማዕድኑ ይቀራል፤ ለመስታወት ይሆናል፣ ለሳሙና፣ ለማዳበሪያ። እኔ የልጄን ኩላሊት ስጠይቅ እሱ ጂኦግራፊ ያስተምረኛል። ንዴቴ ለከት አጣ። የእኛም ስምጥ ሸለቆ እሳተ ገሞራና ጨው የሠራው ሐይቅ ሞልቶታል፤ ይህ ጉድ ግን ከቱርክ ድረስ መጥቶ የእኔ ፍሪጅ ላይ ይውጣ? አማቴ አጠገቤ ሆዳቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ረሃቡ ነው ብዬ ተውኩት።

ክሊኒኩ ስንደርስ ባለቤቴ ቀድሞን በር ላይ ቆሟል። ነርሷ በእንግሊዝኛ ስንት በላች፣ መቼ በላች ትላለች፣ አላየሁም እላታለሁ። መጀመሪያ ደም እንወስዳለን፣ ከዚያ ግሉኮስ እንሰካላታለን አለች። እሱ እግሯን ያዘ፣ እኔ እጇን። መርፌውን ስታይ ጮኸች፤ "ማሚ፣ ሲታኪ! አልፈልግም!" ነርሷ ደም ሥሯን ስታጣ እንደገና ወጋቻት። ልጄ ዐይኗን እኔ ላይ ተክላ ታለቅሳለች፣ እኔም እያለቀስኩ ጭምቅ አድርጌ ይዣታለሁ።

"ተዉአት" አሉ አማቴ ከበሩ። "ልጅቷ አልቀመሰችም። ብስኩት ነው የሰጠኋት። ሁለቱንም የበላሁት እኔ ነኝ።"

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ኖሯል። በዚያች ደቂቃ ጠላኋቸው፤ ሌላ ቃል የለኝም። ልጄን አቅፌ፣ የተወጋ እጇን ይዤ ለነርሷ ተረጎምኩላት። ነርሷ የአሮጊቷን ክንድ ይዛ አልጋው ላይ አስቀመጠቻቸው። ለአዋቂ ሰው ይህን ያህል እንደማያሰጋ፣ ግን እስከ ማታ እንደምትከታተላቸው ነገረችን።

ባለቤቴ ከአልጋው ግርጌ ቆሞ ቀረ። ሲናደድ ጆሮው ይቀላል፤ አሁን ግን አልቀላም።

"ጾሙን መፍታቴ ከታወቀ ጉዳይህ ይበላሻል ብዬ ነው" አሉት፣ ፊቱን ሳያዩ። "ከሰማይ የለመንኩልህን በአፌ አጠፋሁት ብዬ ነው፣ ልጄ።"

ሄዶ አጠገባቸው ተቀመጠ።

"እማዬ፣ ርቦሽ ነበር?"

"በጣም" አሉት።