ቀዩ ጊታርና የሠርግ መጥሪያው

ያውቅ ነበር ወይስ አያውቅም ነበር?

ይህን ጥያቄ ዕቃ ሳጥብም፣ ከሥራ ስመለስም፣ ጊታሬን ስቃኝም እጠይቃለሁ። የሰውየውን ፊት በዓይነ ሕሊናዬ አምጥቼ እመረምረዋለሁ። አንድ ቀን "ያውቅ ነበር" ብዬ እፈርድበታለሁ፤ በማግሥቱ ራሴው ይግባኝ እልለታለሁ። ካወቀ ክፉ ነው። ካላወቀ ደግሞ ያን ሁሉ ወራት በማያውቀው ነገር ነው በጣቴ የቀለደው። የትኛው ይበልጥ እንደሚያናድደኝ እንኳ እስከ ዛሬ አልለየሁም።

ትምህርት ቤት የገባሁት ዘግይቼ ነው። መስቃን ገጠር ውስጥ ወንድሞቼ ፊደል ሲቆጥሩ እኔ ውሃ እቀዳለሁ፣ እንሰት እፍቃለሁ። አንደኛ ክፍል ስገባ ጉልበቴ ከዴስኩ ሥር አልገባ ብሎ በጎን ነበር የምቀመጠው። ልጆቹ "እናታችን መጣች!" ይሉኛል። አስተማሪው ደብተሬን ገልጦ ሳያይ "አንቺ እኮ ዘግይተሻል" አለኝ። ወጣትነቴን የጨረስኩት ለዚያች ቃል መልስ ስሠራ ነው። ዛሬ ቡታጅራ ውስጥ ቤተ መጻሕፍት እሠራለሁ። ያኔ "እናታችን" ካሉኝ አንዱ ልጁን ይዞ መጽሐፍ ሊዋስ መጣ፤ መታወቂያውን ረስቷል። "ደንብ ነው" ብዬ መለስኩት። መጽሐፉ እዚያው ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። እንዲህ ዓይነት ሰው ነኝ፤ አልረሳም።

ጊታርም ያገኘኝ በመጽሐፍ በኩል ነው። በስጦታ ከመጡልን መጻሕፍት መካከል አንድ የጊታር መማሪያ ነበር። ልመዘግበው ገለጥኩት፤ ጣቶቼ ጠረጴዛው ላይ ሥዕሎቹን ሲከተሉ ያዝኳቸው። አርባን አልፌያለሁ። ማንም የማያውቀው ምኞት ይዞኝ ዋለ፤ ሰው ፊት ቁጭ ብዬ፣ አንድ ዘፈን፣ ሳልሳሳት፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መጫወት።

ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ፣ ከልብስ ሰፊዎቹ በላይ ፎቅ ላይ፣ ጊታር የሚያስተምር ሰው ክፍል ተከራይቷል። ሠርግ ላይ የሚጫወት ነው፤ ከተማው ውስጥ ያለ እሱ የሚዳር የለም። በዕድሜ ያንሰኛል።

"ማዘር፣ ለልጅሽ ነው የምትመዘግቢው?"

"ለራሴ ነው።"

"ኧረ በስማም!" ተማሪዎቹ ሳቁ። አብዛኞቹ የሃይስኩል ልጆች ናቸው፤ የየራሳቸውን ጊታር ይዘው ነው የሚመጡት። ለእኔ ከግድግዳው ላይ አንድ ቀይ ጊታር አውርዶ ሰጠኝ። "ይቺ የጀማሪ ናት።"

በራሱ ጊታር ያሳየናል፤ እኛ በያዝነው እንከተላለን። አንዱን ጣት በስድስቱም ክር ላይ አስተኝተው የሚጫኑት ኤፍ የሚባል ኮርድ፣ የጣት አያያዝ፣ አለ። በእሱ እጅ እንደ ደወል ይጮኻል። በእኔ እጅ ድም ይላል፤ ትራስ እንደ መምታት። የጣቴ ጫፍ ተላጠ፣ ደማ፣ ጠነከረ፣ እንደገና ተላጠ።

"ጠበቅ አድርጊው ማዘር! ሊጥ እኮ አይደለም!"

መጽሐፉ በበኩሉ "ኃይል አያስፈልግም" ይላል። እኔ፣ ዕድሜዬን በመጽሐፍ ያቃናሁ ሴት፣ መጽሐፉን ትቼ ሰውየውን አመንኩ። ይህን ለራሴም ይቅር አላልኩም። በአራተኛው ወር ገደማ ጊታሩን ከእጄ ተቀብሎ፣ ልጆቹ እየሰሙ፣ እንደ ሐኪም አዝኖ ተናገረ፦

"እውነቱን ልንገርሽ ማዘር። ጣት በልጅነት ካልተፈታ አይፈታም። ዘግይተሻል።"

ያችው ቃል። ልጆቹ ፊት። ደረጃውን ስወርድ የልብስ ስፌቱ መኪና ሁሉ እሷኑ ይደጋግም ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ለሥልጠና ወልቂጤ የሄድኩት። እዚያ ቤተ መጻሕፍት የምትሠራ ባልደረባ ለምሳ ወደ ቤቷ ወሰደችኝ። ከበሩ ኋላ ጊታር ተደግፎ አየሁ፤ ለካ ቤተ ክርስቲያኗ ውስጥ መዝሙር ታጅባለች።

"ትችያለሽ?" አለችኝ።

"አልችልም። ጣቴ ዘግይቷል።"

"ጣት ደግሞ እንደ አውቶቡስ ይዘገያል እንዴ?" ብላ እቅፌ ውስጥ አስቀመጠችው።

ኤፍን ያዝኩ። ክሮቹ ቅቤ እንደ መንካት ወረዱልኝ። መታሁት፤ ስድስቱም ጮኹ።

"ውሸታም! አልችልም ትለኛለች ደግሞ!" ብላ ወጥ ልታወጣ ገባች።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደስ አላለኝም፤ ደሜ ፈላ። ክሩ ከእንጨቱ ምን ያህል እንደሚርቅ ልለካ፣ ከቦርሳዬ የአንድ ብር ሳንቲሞች አውጥቼ ከክሩ በታች፣ የጊታሩ አንገት መሐል ላይ አስገባሁ። አንዱ ብቻ ነው የገባው።

ቡታጅራ ስመለስ ከሁሉም ቀድሜ ወደ ክፍሉ ወጣሁ። ቀዩን አውርጄ እዚያው ቦታ ላይ ለካሁ። ሦስት ሳንቲም ተደራርቦ ገባ። ክሮቹ የሰው ጣት ሊጫናቸው በሚችለው ከፍታ ላይ አልነበሩም። ጊታሩን ወደ መስኮቱ አዞርኩት። ሆዱ ላይ ክሮቹ የሚያርፉባት ነጭ አጥንት ሥር የታጠፈ ካርቶን ተወትፎ ወደ ላይ አንስቷታል። ጠርዙ ላይ የወርቅ ቀለም ጽሑፍ አለው። የሠርግ መጥሪያ ነው።

እዚያ ክፍል ውስጥ የሠርግ መጥሪያ በየሳምንቱ የሚደርሰው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። እዚያው ካርቶኑን መዝዤ መጮህ እችል ነበር፤ ግን ባዶ ክፍል ውስጥ ማን ሊያይ? እሱ ሰው ፊት ነው የተናገረኝ። ካርቶኑን ባለበት ትቼ ጊታሩን ሰቀልኩት። በወልቂጤዋ ባልደረባዬ በኩል የራሴን ገዝቼ አስመጣሁ። ክፍል ውስጥ ቀዩን ይዤ እንደ ወትሮዬ አቃስታለሁ፤ "ጠበቅ አድርጊ!" ሲለኝ "እሺ መምህር" እላለሁ። ቤቴ ገብቼ በሬን ስዘጋ እጫወታለሁ። ዘፈን ብቻ አይደለም የተለማመድኩት። ክር ማላላት፣ ማጥበቅ፣ ያለ ስልክ መቃኛ በጆሮዬ ብቻ መቃኘት ተለማመድኩ፤ ለምን እንደማደርገው እኔ ነኝ የማውቀው። አንድ ቀን ጎረቤቴ በግድግዳው በኩል "ሬዲዮሽን ከፍ አድርጊው እስቲ!" አለች። ከፍ አደረግኩላት። ሳልሳሳት ጨረስኩት።

ከዚያ የራሴን ጊታር ይዤ ክፍል ገባሁ። "ቀዩን ለሌላ ይስጡት መምህር" አልኩ። ሌላ እስኪመጣ መጠበቅ ብቻ ቀረኝ።

መጣች። ከቆሼ ከተማ በርበሬ እያመጣች የምትነግድ ሴት ናት፤ ሠላሳዎቹ አጋማሽ ላይ ያለች፣ ሳቂታ። ቀዩን ሰጣት። ኤፍ ላይ ሲደርሱ ጣቷን አንስታ አየችው።

"ውይ! ይሄ ነገር ሚስማር ነው እንዴ?"

"ጠበቅ አድርጊያ! በርበሬ መቀንጠስ መሰለሽ?"

"ወላሂ የዛላውን ጆንያ ብሸከም ይሻለኛል!"

ልጆቹ ሳቁ። እሱ ያን የሐኪም ፊቱን አደረገ። "እውነቱን ልንገርሽ እህቴ፣ ጣት በልጅነት…"

"መምህር" አልኩ። ድምፄ ክፍሉን ሲሞላው ራሴም ገረመኝ። "እስቲ በእሷ ጊታር ያሳዩን።"

"አሁን አሳየኋችሁ እኮ።"

"በራስዎ ነው ያሳዩን። በእሷ ያሳዩን።"

ትከሻውን ነቅንቆ ተቀበላት። ያዘ፤ መታ። ድም። ጣቱን አስተካክሎ እንደገና መታ። ድም። የጥፍሩ ሥር ነጣ፣ የአንገቱ ሥር ተገተረ። ሦስተኛውንም ሞከረ። ከኋላ አንዱ ልጅ፦

"ቲቸር፣ ጣትህ ዘገየ እንዴ?"

ያን ሳቅ በገንዘብ ልግዛው ብል አላገኘውም። ወር ሙሉ ጣፍጦኛል።

"ክሩ አርጅቶ ነው" አለ።

ጊታሩን ከእጁ ተቀበልኩ። ክሮቹን አንድ በአንድ አላላሁ፤ አልቸኮልኩም። ነጯን አጥንት ብድግ አድርጌ ካርቶኑን መዘዝኩና የወርቁን ጽሑፍ ወደ ላይ አድርጌ ጉልበቱ ላይ አስቀመጥኩለት። ከዚያ በጆሮዬ ቃኘሁ። ለሴትዮዋ መለስኩላትና ጣቷን አስተኛሁላት።

"አሁን ምቺው።"

ጮኸ። እውነት ለመናገር ቀጭኗ ክር ትንሽ ተንጣጣች፤ ምናልባት ካርቶኑ የገባው ይህን መንጣጣት ለማስቀረት ሊሆን ይችላል። ምናልባት። እኔም የራሴን አንስቼ፣ ሁሉም እያዩኝ፣ ዘፈኔን ተጫወትኩ። ልጆቹ መሐል የሳቀ አልነበረም።

እሱ መጥሪያውን ገልብጦ ያነብ ነበር። "ይሄ ደግሞ የማን ሠርግ ነበር?" አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር። ፊቱን አየሁት። የደነገጠ ሰው ነው? የተያዘ ሰው ነው? በሕይወቴ እንደዚያ በትኩረት ያነበብኩት ገጽ የለም፤ አልገባኝም።

ደረጃውን ስንወርድ ሴትዮዋ ክንዴን ያዘች። "እትዬ፣ ምን ነበር እሱ ወረቀት?"

"ጣትሽ አይደለም" አልኳት። "ማንም ጣትሽ ነው ቢልሽ እንዳትሰሚው።"

ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት። ዴስኩን፣ "እናታችን"ን፣ "ማዘር"ን፣ ወልቂጤን፣ ሳንቲሞቹን። ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነበር። ባጃጅ ተራው ጋ ደርሰንም አልጨረስኩም፤ ሁለት ባጃጅ አሳልፋ ሰማችኝ።

"እና ይህን ሁሉ ጊዜ ዝም አልሽው?"

"ዝም አልኩት።"

"ወላሂ፣ እኔ ብሆን በዚያው ቀን ጊታሩን ጭንቅላቱ ላይ ነበር የምሰብረው!"

"ጊታሩ ምን አደረገ?" አልኳት።